ስለ አውቶማቲክ ካምቢዮና ብዙ ዘመን ስለ ቆመ መኪና

አንባብያን ሆይ፤ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ስለ ካምቢዮ ይጽፍ ዘንድ ምን አገባው የሚል እንደማይጠፋ ዐውቃለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። አጎቴ በሱሉልታ ግቢያቸው ውስጥ በቆርቆሮ ዳስ ሥር ያቆሙት አንድ ትልቅ የአሜሪካ መኪና አላቸው። እኔ ፊደል ሳልቈጥር የቆመ፣ ዶሮ የተፈለፈለበት፣ አይጥ ሽቦውን የቀረጠፈው መኪና ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ደላላ መጥቶ ዞር ዞር ብሎ ካየው በኋላ «ካምቢዮው ሞቷል፤ ከቍራጭ ብረት ዋጋ በላይ አያወጣም» አለ። ከእርሱ በፊት ያየው አንድ ጋራዥም ካምቢዮውን አውርዶ ለመፍታት ብቻ የጠየቀው ገንዘብ ከአጎቴ የስድስት ወር ጡረታ ይበልጥ ነበር። ቤተ ሰቡ በሁለት ተከፈለ። እትዬ፣ የአጎቴ ባለቤት፣ ይሸጥ አሉ፤ አጎቴ ዝም አሉ። እኔ ደግሞ የማላውቀውን ነገር «ይድናል» ብዬ ተናገርሁና ቃሌ አሰረኝ። ስለዚህ በሰበታ ከሚኖሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ክረምቱን ሙሉ ስመላለስ ከረምሁ። ከዚህ በታች የምጽፈው ከእርሳቸው የሰማሁትን፣ ከመጻሕፍት ያነበብሁትንና በገዛ እጄ ያበላሸሁትን ነው።

ጉዳዩ የእኛ ቤት ብቻ አይደለም። በሰበታ፣ በቡራዩ፣ በመናገሻና በሱሉልታ በኩል ያለፈ ሰው በየግቢው ሸራ ለብሶ የቆመ መኪና ያያል። ባለቤቱ ውጭ አገር ሄዶ የቀረ፣ መለዋወጫ የጠፋለት፣ በውርስ ክርክር የተያዘ ሁሉ አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን አስወደደው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍታ የሚሄዱ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። እንግዲህ ትናንት የዶሮ ቤት የነበረው ዛሬ ንብረት ሆነ ማለት ነው። ሞተር የሚያስነሣ ሰው በየመንደሩ ይገኛል። አውቶማቲክ ካምቢዮ ሲሆን ግን አብዛኛው ሰው ሳያየው «ሞቷል» ይላል።

በመጀመሪያ አሠራሩን ጥቂት እንመልከት፤ እርሱን ያልተረዳ ሰው በሽታውን ሊያውቅ አይችልምና። በእጅ በሚቀየር ካምቢዮ ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኘው በእግራችን የምንረግጠው ፍሪሲዮን ነው። በአውቶማቲኩ ግን በመካከላቸው ያለው ዘይት ነው። የውኃ ወፍጮ ያየ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። ውኃው መንኰራኵሩን መትቶ እንደሚያዞረው፣ እዚህም በሞተሩ የሚሽከረከረው አንደኛው መዘውር ዘይቱን ይወረውረዋል፤ ፊት ለፊቱ ያለው ሁለተኛው መዘውር በዘይቱ ተመትቶ ይዞራል። ልዩነቱ ዘይቱ እንደ ወንዝ ፈስሶ አለመቅረቱ፣ ተመልሶ መወርወሩ ነው። ይህን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1905 ያስመዘገበው ፎቲንገር የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ ሲሆን፣ ያሰበውም ለመኪና ሳይሆን ለመርከብ ነበር። ወደ መኪና ገብቶ በብዛት የተሸጠው የመጀመሪያው አውቶማቲክ ካምቢዮ «ሃይድራማቲክ» የተባለው ነው፤ እርሱም ለ1940 ሞዴል በኦልድስሞቢል መኪኖች ላይ ቀረበ።

ከዚህ መዘውር በስተ ኋላ፣ ፀሐይን እንደሚዞሩ ፕላኔቶች እርስ በርሳቸው የሚዞሩ ጥርሶች አሉ። እነዚህን ጥርሶች አንዱን ይዞ፣ ሌላውን ለቅቆ ማርሹን የሚለውጡት በዘይት ግፊት የሚጨመቁ የፍሪሲዮን ዲስኮችና እንደ መቀነት የሚያጠብቁ የብረት ባንዶች ናቸው። መቼ ይለወጥ የሚለውን የሚወስነው ደግሞ ሁለት ግፊት ነው። አንዱ የመኪናውን ፍጥነት ይናገራል፤ ይህንን የሚሰጠው ገቨርነር የተባለው ነው። ሁለተኛው ሞተሩ ምን ያህል ሸክም እንዳለበት ይናገራል፤ ይህንን የሚሰጠው በብዙዎቹ የአሜሪካ ካምቢዮዎች ላይ ሞዱላተር የተባለው፣ ከሞተሩ የአየር መሳብ ኀይል ማለት ከቫኪዩም ጋር በቀጭን ቱቦ የተያያዘ ቆርቆሮ ነው። ሁለቱ እንደ ተሟጋቾች አንዲትን ቫልቭ ከወዲያና ከወዲህ ይገፏታል፤ ያሸነፈው ማርሹን ያስለውጣል። ኤሌክትሪክ የለበትም፤ ኮምፒዩተርም የለበትም። እኔን ከሁሉ ይልቅ ያስገረመኝ ይህ ነው፤ ዘይት ብቻ እንዲህ ሊከራከርና ሊፈርድ መቻሉ።

አሁን ይህ ነገር ሃያ ዓመት ቢቆም ምን ይሆናል? በመዘውሮቹ ውስጥ የነበረው ዘይት ቀስ በቀስ እየወረደ ከታች ባለው ገንዳ ይጠራቀማል። የጎማ ማኅተሞቹ፣ ማለት ጉሚኒዎቹ፣ ይደርቃሉ፤ ይጠነክራሉ፤ ይኰማተራሉ። በቡሽ የተሠራው የገንዳው ማሸጊያም እንዲሁ። የሱሉልታን ብርድ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ሌሊት በብረት ላይ የሚያረፈውን ጤዛ ያውቃል፤ ያው ጤዛ በካምቢዮው ውስጥም ያርፋል፤ ከዘይት በላይ የቀሩት የብረት ክፍሎች ይዝጋሉ። አሮጌው ዘይት በቫልቮቹ ላይ እንደ ሙጫ ይደርቃል። የፍሪሲዮኑ ዲስኮች ልባስ ከወረቀት ጋር የሚቀራረብ ነገር ስለ ሆነ እርጥበት ከገባበት ከሙጫው ይላቀቃል፤ ወይም ከጎረቤቱ የብረት ዲስክ ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ልብ በሉ፤ ከእነዚህ መካከል ካምቢዮውን በእርግጥ «ገደለው» የሚባለው የዲስኮቹ መበላሸት ነው። የቀረው ሁሉ ካምቢዮው ሳይወርድ ሊታይና ብዙ ጊዜም ሊታከም የሚችል ነው።

የእኛን ስሕተት ልናገር። እኔና ሁለት ጓደኞቼ መኪናው ቍልፉ ሲዞር ምንም ድምፅ ስላልሰጠ በፒክ አፕ በገመድ አስረን ወደ ጫንጮ በሚወስደው መንገድ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ጎተትነው፤ እየሄደ ይነሣል ብለን ነው። ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ ጭንቅላታቸውን ይዘው «ልጄ፣ ይህ ላዳ መሰለህ?» አሉኝ። ላዳ ወይም መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት እንደ ተወሰዱባት ያለች ቮልስዋገን ተገፍታ ትነሣለች። አውቶማቲኩ ግን ፖምፓውን የሚያዞረው ሞተሩ ስለ ሆነ፣ ሞተሩ ካልተነሣ የዘይት ግፊት የለም፤ ግፊት ከሌለ ፍሪሲዮኑ አይጨመቅም፤ ካልተጨመቀ ጎማው ሞተሩን ሊያዞረው አይችልም። እስከ 1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ድረስ ከተሠሩት አንዳንዶቹ ከኋላም ሁለተኛ ፖምፓ ስለ ነበራቸው ይነሡ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ያሉት ግን አይነሡም። ከዚህም የባሰው፣ የሚነዱት ጎማዎች መሬት ይዘው በሚጎተት ጊዜ የካምቢዮው የኋላ ክፍል ያለ ዘይት ይዞራል። መጎተት ግድ ከሆነ የኋላ ጎማዎቹን ማንሣት ወይም ከካምቢዮው ወደ ኋላ የሚሄደውን ዘንግ መፍታት ያስፈልጋል። ሦስት ኪሎ ሜትር በዝግታ በመሆኑ ተረፍን እንጂ እንጦጦን ተሻግረን ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፈውም ነበር።

ታዲያ ቍልፉ ሲዞር ዝም ያለው ምን ሆኖ ነው? ባትሪው አዲስ ነበር። ሽማግሌው ማርሹን ከ«ፒ» ወደ «ኤን» አደረጉና ቍልፉን አዞሩ፤ ሞተሩ ዞረ! አውቶማቲክ መኪና በ«ፒ»ና በ«ኤን» ካልሆነ እንዳይነሣ የሚከለክል አንድ ትንሽ ማብሪያ አለው፤ የእኛው በ«ፒ» ላይ ያለው ነጥቡ ዝጎ ኖሯል። ይህን ፈትቶ በብርጭቆ ወረቀት ማጽዳት ግማሽ ሰዓት አይወስድም። መኪናውን በገመድ ያስጎተተን ይህ ነበር።

ወደ ዘይቱ እንመለስ፤ ዋናው ነገር እርሱ ነውና። የዘይት መለኪያውን ዘንግ ስታወጡ መጀመሪያ ቀለሙንና ሽታውን ተመልከቱ። ጤነኛው ቀይና ጥርት ያለ ነው። ከቆመበት ዘመን የተነሣ ጠቍሮ ቡና ቢመስልም ሽታው ካልተለወጠ ተስፋ አለ። የተቃጠለ ነገር ከሸተተ ዲስኮቹ ተቃጥለዋል። ወተት የተቀላቀለበት ሮዝ ቀለም ካሳየ ግን ውኃ ገብቷል፤ የካምቢዮው ዘይት የሚቀዘቅዘው በራዲያተሩ ውስጥ በሚያልፍ ቱቦ ስለ ሆነ፣ ያ ቱቦ ከዛገ ውኃውና ዘይቱ ይገናኛሉ። እንዲህ ያለውን መኪና ማስነሣት አይገባም።

በመጠኑ ረገድም ወጥመድ አለ። ከላይ እንዳልሁት ዘይቱ ሁሉ ወደ ገንዳው ስለሚወርድ፣ ለብዙ ዘመን የቆመ መኪና ሞተሩ ጠፍቶ ሲለካ ከልክ በላይ የሞላ ይመስላል። አንዱ ይህን አይቶ ይቀንሰዋል፤ ከዚያ ሞተሩ ሲነሣ መዘውሩ ዘይቱን ስለሚመጠው ፖምፓው አየር ይስባል፤ መኪናውም ንቅንቅ አይልም። ሌላው ደግሞ መኪናው አልንቀሳቀስ ሲለው ዝም ብሎ ይጨምራል፤ ያን ጊዜ የሚዞሩት ጥርሶች ዘይቱን እንደ እንቍላል ይመቱታል፤ አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ደግሞ ግፊት አይሸከምም። እኔ ሁለተኛውን ነበርሁ። ትክክለኛው ልክ የሚታወቀው ሞተሩ ተነሥቶ ከሞቀ በኋላ፣ ደልዳላ መሬት ላይ፣ እየሠራ ሳለ ነው። ማርሹ በ«ፒ» ይሁን ወይስ በ«ኤን» የሚለውን የየመኪናው መጽሐፍ ይናገራል።

ከማስነሣት በፊት ግን ገንዳውን ማውረድ ግድ ነው። በእኛ መኪና ገንዳ ግርጌ ቀጭን ግራጫ ዝቃጭ፣ ጥቂት ዝገትና አንድ የሞተች ጉንዳን አገኘን። ግራጫው ዝቃጭ የሚያስፈራ አይደለም፤ ከዲስኮቹ በዘመን የተፋቀ ነው። የሚያብረቀርቅ ነሐስ ወይም እንደ ቅርፊት የተነሣ ጥቍር ልባስ ቢገኝ ኖሮ ሥራው እዚያው ያበቃ ነበር። ማጣሪያው በሙጫ ተደፍኖ ስለ ነበር በቤንዚን አጠብነው፤ ማሸጊያውን ለወጥን። ገንዳውን ብቻ ማውረድ የካምቢዮውን ዘይት ግማሽ እንኳ እንደማያወጣ ማወቅ ያስፈልጋል፤ የቀረው በመዘውሩ ውስጥ ነው። ስለዚህ ጥቂት ከነዱ በኋላ ሁለተኛ ጊዜ መለወጥ ይገባል።

«አዲስ ዘይት አሮጌ ካምቢዮ ይገድላል» የሚል ወሬ በየጋራዡ ይሰማል። በእኔ አስተያየት ይህ መድኃኒቱን ለበሽታው መክሰስ ነው። ሰው ዘይት የሚለውጠው ካምቢዮው መንሸራተት ከጀመረ በኋላ ስለ ሆነ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሲሞት ጥፋቱ በዘይቱ ላይ ይላከካል። የዘይቱ ዐይነት ግን ቀልድ አይደለም። ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ1949 «ታይፕ ኤ» የተባለውን አወጣ፤ በ1960ዎቹ መጨረሻ «ዴክስሮን» ተከተለ። ፎርድ በበኩሉ «ታይፕ ኤፍ» የተባለውን ያዝ ነበር፤ በዚህኛው ዲስኮቹ ቶሎ ይነክሳሉ፣ በዚያኛው ለስለስ ብለው ይያያዛሉ። ሁለቱን መቀላቀል አይገባም። (በነገራችን ላይ፣ በድሮው ዘይት ውስጥ ለማለስለሻ የሚጨመረው ከዓሣ ነባሪ የሚወጣ ቅባት ነበር። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዓሣ ነባሪን የሚጠብቀው ሕግ ሲመጣ ቀማሚዎቹ ሌላ ፈልጉ ተባሉ። ባሕር የሌላት የሱሉልታ አንዲት መኪና በሆዷ ውስጥ ዓሣ ነባሪ ይዛ ትቆይ ይሆናል ብዬ ሳስብ፣ የዮናስ ታሪክ ተገልብጦ ታየኝ።)

ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ቸኩሎ መሄድ አይገባም። ጎማዎቹ በድንጋይ ይደገፋሉ፤ እግር ፍሬን ላይ ይሆናል፤ ማርሹ ከ«ፒ» እስከ መጨረሻው በየቦታው ጥቂት ሰከንድ እየቆየ ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ ይመለሳል። ሞተሩን ማስጮኽ ፈጽሞ ክልክል ነው። ዘይቱ ሲሞቅ የደረቁት ጉሚኒዎች በመጠኑ ይለሰልሳሉ፤ መጀመሪያ ያልያዘ ማርሽ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ሊይዝ ይችላል። እኛም ዘንድ የሆነው ይህ ነው፤ የፊቱ ማርሽ ከሩብ ሰዓት በኋላ ድንገት ያዘ፤ አጎቴም ከወንበራቸው ተነሡ።

ከዚያ በኋላ ያለው እንደ ሎጂክ ትምህርት ነው። ምን ይሠራል፣ ምን አይሠራም ብሎ ማነጻጸር ነው። በየትኛውም ማርሽ የማይሄድ ከሆነ ነገሩ የሁሉም የጋራ የሆነው ነው፤ ዘይት፣ ማጣሪያ፣ ፖምፓ ወይም ከማርሹ እጀታ ወደ ካምቢዮው የሚሄደው ዘንግ። ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ፈጽሞ ካልተለወጠ ገቨርነሩ ዝጎ ተጣብቋል፤ ይህ በብዙዎቹ ላይ ካምቢዮው ሳይወርድ ወጥቶ ይጸዳል። በ«ኤን» ላይ ሆኖ መኪናው ወደ ፊት ከሄደ ዲስክ ተጣብቋል ወይም ዘንጉ ተዛብቷል። ከጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ ከወጣና ዘይቱ ሳያንጠባጥብ ከጎደለ የሞዱላተሩ ጉሚኒ ተቀዷል፤ ሞተሩ የካምቢዮውን ዘይት በቫኪዩሙ ቱቦ እየሳበ ያቃጥለዋል። ቱቦውን ነቅሎ ውስጡ ቀይ እርጥበት መኖሩን ማየት ይበቃል።

የእኛ መኪና ማርሹን እያዘገየና እያንገጫገጨ ይለውጥ ነበር። ሞዱላተሩን ለወጥን፤ አልተሻለውም። ሽማግሌው ስቀው እንጦጦን በጣታቸው አሳዩኝ። ነገሩ የከፍታ ጉዳይ ነው። ጤነኛ ሞተር በባሕር ጠለል ላይ ሥራ ፈትቶ ሲሠራ ከ17 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ ያህል ቫኪዩም ያሳያል። ከፍታው በ300 ሜትር በጨመረ ቍጥር አንድ ኢንች ያህል ይቀንሳል። ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ስለ ሆነች፣ ከስምንት ኢንች ያላነሰ ይጎድላል ማለት ነው። ሞዱላተሩ ግን የሱሉልታን አየር ስስነት አያውቅም፤ ቫኪዩሙ ሲያንስ «ሞተሩ ከባድ ሸክም አለበት» ብሎ ይረዳና ማርሹን ያዘገያል፣ ያጠነክራል። በአንዳንድ ካምቢዮዎች ላይ ፋብሪካው ከፍታውን የሚያካክስ ሞዱላተር አድርጓል፤ በሌሎቹ ላይ ደግሞ በመሐሉ ያለችውን ትንሽ ቡሎን በማዞር ማስተካከል ይቻላል። እንግዲህ በአገራችን ደጋ ላይ «ታሟል» ተብሎ የተፈታ ካምቢዮ ሁሉ ታሞ ነበር ለማለት ያስቸግራል።

አንድ ነገር ብቻ አልድን አለ። የኋላ ማርሹ ሲቀዘቅዝ ይንሸራተታል። ሽማግሌው መልሱን ሳይነግሩኝ እንድፈልገው ተዉኝ። በእነዚህ ባለ ሦስት ማርሽ ካምቢዮዎች የኋላ ማርሽ የሚያዘው በሁለት ፍሪሲዮኖች ነው፤ አንዱን ከሦስተኛ ማርሽ ጋር ይጋራል፤ ሌላውን ደግሞ እጀታው በ«1» ላይ ሲሆን ከሚሠራው ጋር ይጋራል። ሦስተኛው ማርሽ አልተንሸራተተም፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ንጹሕ ነው። በሱሉልታ ሜዳ ላይ በዝግታ እየሄድሁ እጀታውን በ«1» አድርጌ እግሬን ከቤንዚን ፔዳሉ አነሣሁ። መኪናው በሞተሩ ተይዞ መቀዝቀዝ ሲገባው እንደ ብስክሌት ነጻ ሆኖ ተንከባለለ። ጥፋተኛው ተገኘ፤ የሁለተኛው ፍሪሲዮን ጉሚኒ ደርቋል።

ይህ የፈተና ጥያቄ አይምሰላችሁ። ከሱሉልታ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ መኪና እንጦጦን ተሻግሮ ወደ ከተማው ይወርዳል። ብዙ ዘመን የቆመ መኪና ፍሬኑም እንደ ካምቢዮው አሮጌ ነው፤ ቍልቍለቱን በፍሬን ብቻ ቢወርድ ፍሬኑ ይግላል፣ ከዚያም እምቢ ይላል። ማንኛውም ነጂ በዚህ ጊዜ እጀታውን ወደ «1» አውርዶ በሞተሩ እተማመናለሁ ይላል። በእኛ መኪና ግን በ«1» ላይ የሚይዘው ነገር የለም! በ«2» ላይ የሚይዘው ሌላ ክፍል ስለ ሆነ እርሱ ደኅና ነው፤ ይህንንም በሜዳው ላይ ሞክሬ አረጋግጫለሁ። ስለዚህ ከአናቱ ጀምሮ በ«2» በዝግታ ወረድን። አጎቴ ከጎኔ ተቀምጠው ስድስት ኪሎ እስክንደርስ አንድ ቃል አልተናገሩም።

ጉሚኒውን ለመለወጥ ካምቢዮው መውረድ አለበት፤ ጉሚኒውም ከውጭ አገር መምጣት አለበት። እስከዚያው ድረስ ጧት ጧት የኋላ ማርሹ እስኪይዝ ሰባት ሰከንድ ያህል ይጠበቃል፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ጨርሶ አይዝም። ደላላው ባለፈው ወር ተመልሶ መጥቶ ዋጋውን ሦስት እጥፍ አደረገ። እትዬ «ጉሚኒው ይምጣና እናያለን» ብለው መለሱት። መኪናውም አሁን ገና ትኩስ ሳለ ማታውኑ ወደ ኋላ ይገባና ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ያድራል።